የአራዳው ጊዮርጊስ ሰማኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለት አለብኝ። «ከዚህ ኪኒን አውጣኝ እንጂ ሳልደብቅ እመሰክራለሁ» ብዬ አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ቆሜ ተስያለሁ። የመጨረሻዋን ፍሬ የዋጥኩት ሰኔ 2016 ነው። ስለዚህ ስሜን ባልጽፍም ነገሩን እንዳለ ልንገራችሁ።

ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነኝ። በ2013 ሞተር ገጭቶኝ እግሬ ተሰበረ፤ ኦፕራሲዮን ተደረግኩ፤ ለሕመሙ ትራማዶል የሚባል ኪኒን ለአሥር ቀን ተጻፈልኝ። ሕመሙ በወሩ ተወኝ። ኪኒኑ ግን አልተወኝም። ስውጠው ሰውነቴ ሙቅ ይላል፣ ጭንቀቴ ይረግባል፣ ሥራ አይታክተኝም። ወረቀት ሳይጠይቅ የሚሸጥልኝ ቤትም አላጣሁም።

እኔ ጫት አልቅምም። ሲጋራ አላውቅም። ሱሰኛ ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው መንገድ ዳር ማስቲሽ የሚስበው ልጅ ነበር። ሐኪም የጻፈው መድኃኒት ሱስ ይሆናል ብዬ በምን ላስብ? በኋላ ነው የገባኝ፣ ለካ ትራማዶል ከሞርፊን ወገን ነው። አንጎል ውስጥ ሞርፊን የሚሠራበት ቦታ ላይ ነው እሱም የሚሠራው። ሰውነት ደግሞ ይለምደዋል፣ ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃም። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፤ ይህ ማለት ባለ 50ው 8 ፍሬ ነው። እኔ 14 ደርሼ ነበር።

«ለምን አትተወውም?» ለሚል ሰው አንድ ነገር ልንገረው። ደስታው ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው ያለቀው። ከዚያ በኋላ የምውጠው እንዳልታመም ብቻ ነው። ጠዋት ካልወሰድኩ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ሆዴ ይፈታል፣ አጥንቴን ይቆረጥመኛል፣ ሌሊት እግሬ አልጋ ላይ አርፎ አይቀመጥም። ሦስት ጊዜ ምዬ ለመተው ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ከሦስተኛው ቀን አላለፍኩም።

ገንዘቡስ? እኛ ጋ የሥራ ጠረጴዛው ሥር ቆዳ ተወጥሯል፤ ስንሞርድ የሚረግፈው የወርቅ ብናኝ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ማታ በብሩሽ ተጠርጎ ይመዘናል። ከዚያ ብናኝ ላይ እየቆነጠርኩ፣ በኪኒኑ ማሸጊያ ብልጭልጭ ወረቀት እየጠቀለልኩ እወስድ ነበር። አሠሪዬን ጋሼ ነው የምላቸው፤ በልጅነቴ ሞረድ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የሰረቅኩት የእሳቸውን ነው።

ጸሎት አላቋረጥኩም። ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስን ተሳልሜ ነው ሥራ የምገባው። «ሰማዕቱ፣ በአንድ ሌሊት ንቀልልኝ» እላለሁ። ከዚያ ከግቢው ወጥቼ በቀጥታ መድኃኒት ቤት። አንድ ቀን ጠዋት ግንባሬ ላይ የተቀባሁት እምነት ሳይራገፍ ባንኮኒው ላይ ገንዘብ ስቆጥር ሻጩ ቀና ብሎ ግንባሬን አየው። ምንም አላለኝም። ያን ቀን ወጥቼ አጥር ተደግፌ አለቀስኩ።

መጋቢት 2016፣ ፒያሳ በሚፈርስበት ሰሞን፣ ሰፈሩ ሁሉ አቧራ ለብሶ ነበር። ቀለበት እየበየድኩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ስነቃ መሬት ላይ ነኝ፤ አፍንጫዬ ውስጥ የተጫረ ክብሪት ሽታ፣ አፌ ውስጥ የደም ጣዕም። ወድቄ ተንፈራግጬ፣ አረፋ ደፍቄ ነበር። አንዱ «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ክብሪት አሸተተኝ፣ ሌላው «ሰይጣን ነው፣ ጸበል አምጡ» ይላል። እሳቱ ግራ አውራ ጣቴን ለብልቦኛል። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

እማዬ «ልጄን ሰው ነው ያስነካብኝ» ብላ እያለቀሰች ወደ ንስሐ አባቴ ወሰደችኝ። አባ ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ የምትወስደው ነገር አለ?» አሉኝ።

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስጸልይ ለሰማዕቱ ብቻ ነበር የምናገረው፤ በሥጋ ለቆመ ሰው አንድ ቃል ተንፍሼ አላውቅም። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን እውነቱ ነው። «አባቴ፣ በቀን 14 ኪኒን እውጣለሁ።» እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ እንደማምነው ጊዮርጊስ የመለሰልኝ ያኔ ነው። በአንድ ሌሊት ንቀልልኝ ያልኩት ሱስ ገና አለ፤ ምላሴ ግን ተፈታ።

አባ «ጸበሉንም ትጠመቃለህ፣ ሐኪም ዘንድም ትሄዳለህ፤ አንዱን ይዘህ አንዱን እንዳትተው» አሉኝ። «አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ገባ» ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን ሄድኩ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ የጣለኝ ራሱ ኪኒኑ ነው፤ ትራማዶል ሲበዛ እንዲህ ይጥላል። በድንገት ማቆምም አደጋ አለው። ቀስ በቀስ፣ ፍሬ በፍሬ ቀነሰችልኝ። (ወላጆች፣ እባካችሁ «ይለይለት» ብላችሁ ልጅ ላይ በር አትቆልፉ። መጀመሪያ ለሐኪም ይታይ።)

ኪኒኑን እማዬ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ያዘችው። ጠዋት ጠዋት ትፈታና የዕለቱን ቆጥራ ትሰጠኛለች። ሁለት ሱባኤ ጎሕ ሳይቀድ ተነስተን፣ በሽሮ ሜዳ አድርገን፣ እንጦጦ ማርያም ወጣን። ጸበሉ እንደ በረዶ ነው። ለሊቱ ግን ከሁሉም ይከፋ ነበር፤ እግሬ ሲያቅበጠብጠኝ እምነት እየቀባች ታሸኛለች፣ በሌላ እጇ መቁጠሪያ ይዛ 41 እግዚኦታ ታደርሳለች፣ ስትጨርስ እንደገና ትጀምራለች። እሷም የምትተኛው እኔ ስተኛ ነው።

ሰኔ ላይ ቋጠሮው ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላም ቀላል አልነበረም፤ ባንኮኒውን በሕልሜ አየው ነበር፣ ዛሬም በዚያ መንገድ አላልፍም። ግን አንድ ቀን ነቅቼ ጣሪያው ላይ ፀሐይ አየሁ። እማዬ ደንግጣ ቆማ ታየኛለች። «ምነው?» ስላት «ሌሊቱን ሙሉ ተኛህ እኮ» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

የቀረኝ ጋሼ ነበሩ። እግራቸው ላይ ወድቄ የብናኙን ነገር ነገርኳቸው። ጋሼ ብዙ ቆዩ። «ጎድሎ ሲመዘን ሚዛኑ ነው እያልኩ ሁለቴ ሚዛን ቀይሬያለሁ» አሉኝ። ይሄን መስማት ከሁሉም አመመኝ። ገምተን ከደሞዜ በየወሩ እንዲቆረጥ ተስማማን።

የመጨረሻው የተቆረጠ ዕለት ማታ፣ ዕቃ ስንሰበስብ፣ ጋሼ ብሩሹን አንስተው እጄ ላይ አኖሩት። «አንተ ጥረገው» ብለውኝ ወደ ውጭ ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብናኙን የምጠርገውም የምመዝነውም እኔ ነኝ።