የውኃው ቦይና ትልቁ ዛፍ

ለግቢ ሥራ ድርጅት ሲቀጠር የሁሉም ሰው ዓይን የሚያርፈው ሊመጣ ባለው ነገር ላይ ነው። አዲሱ ሳር፣ አበባው፣ የእግር መንገዱ፣ ማታ የሚበራው መብራት። ግቢው ውስጥ ቀድሞ ለነበረው ነገር የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። በመሥሪያ ቤታችን የደረሰውን የምጽፈው ለዚሁ ነው። ድርጅት ለመቅጠር ያሰባችሁ ካላችሁ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ብታነቡት ደስ ይለኛል።

እኔ የምሠራው ሕንፃና ግቢ እንክብካቤ ክፍል ውስጥ ነው። ከዋናው ሕንፃ ጀርባ አንድ ትልቅ ዛፍ አለን። ሕንፃው ሳይሠራ የነበረ ዛፍ ነው። ጥላው ሰፊ ስለሆነ ሠራተኛው በዕረፍት ሰዓቱ እዚያ ይቀመጣል፤ ባለጉዳይም ተራው እስኪደርስ እዚያው ይጠብቃል። አግዳሚ ወንበር ያስቀመጥነውም ለዚህ ነው። የቀረው ግቢ ግን መታደስ ነበረበት። ሳሩ ተመናምኖ መሬቱ አፍጥጧል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውኃው ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ስለዚህ ጨረታ ወጣ።

መጨረሻ ላይ ሁለት ድርጅቶች ቀሩ። የአንደኛው አቀራረብ ዓይን ይስብ ነበር። በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ይዘው መጡ። ሳሩ ጥቅጥቅ ብሎ፣ መንገዱ በአበባ ታጅቦ፣ የእኛው ዛፍም መሃል ላይ ግርማ ሞገሱን ይዞ ይታያል።

ከሁለተኛው ድርጅት የመጣችው ባለሙያ ምስል አልያዘችም። ግቢውን በእግሯ ዞረች። በቀጭን ብረት መሬቱን እየወጋች አፈሩ የት የት ላይ እንደተጠቀጠቀ አየች። ነባሩ የውኃ መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠየቀች። ከርክክብ በኋላ የሚያጠጣው ማን እንደሆነም ጠየቀች። ዛፉ ጋ ስንደርስ ቆም አለች።

"ይሄን ዛፍ ምን ልታደርጉት አስባችኋል?"

"ምንም። እንዳለ ይቆያል" አልኳት።

"እንዳለ እንዲቆይም እኮ ሥራ አለው" አለች።

የዋጋ ማቅረቢያዋ ላይ "ነባር ዛፍ ጥበቃ" የሚል አንድ መስመር ነበረው። ማሽን ከመግባቱ በፊት ዛፉን ዙሪያውን ማጠር፣ አጥሩ ውስጥ መቆፈር ግድ ከሆነ በእጅ መቆፈር፣ ሥራው እስኪያልቅ ዛፉን በየጊዜው ማየት። ኮሚቴው ውስጥ ክርክር ያስነሳው ይሄው መስመር ነው። "በራሱ ለቆመ ዛፍ ምን ተብሎ ይከፈላል?" ተባለ። እኔ ክፍያው ተገቢ ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም ሰፍሯል። ግን መመዘኛችን ትልቁን ነጥብ የሚሰጠው ለዋጋ ነበር። ባለ ምስሉ ድርጅት ደግሞ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። አሸነፈ፤ ውል ተፈረመ፤ ሥራ ተጀመረ።

ሐቁን ለመናገር፣ ሥራው ሲጀመር የሚያስከፋ አልነበረም። መሬቱን ሲያስተካክሉ በደንብ ተጠንቅቀዋል። ከግድግዳው ጀምሮ ባለው 3 ሜትር ውስጥ መሬቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል አደረጉት። ውኃ ከሕንፃ እንዲርቅ የሚመከረው ልክ ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ በመጣው ዝናብ ግድግዳው ሥር ውኃ አላቆረም። ሙያውን የማያውቁ ሰዎች ነበሩ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ችግሩ የመጣው የሳር ማጠጫው ቧንቧ ሲቀበር ነው። ቢሮ ሆኜ የኤክስካቫተሩ ድምፅ ይሰማኛል። በመሃል አንድ የሚሰነጠቅ ነገር ጮኸ። ድንጋይ አለመሆኑ ገባኝና ሮጬ ወጣሁ።

መስመሩ በኖራ ቀጥ ብሎ ተሰምሯል። ከዛፉ ግንድ አንድ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ቦዩ ግማሽ ሜትር ገደማ ጠልቋል። የቦዩ ግድግዳ ላይ የክንድ ውፍረት ያለው ሥር ተበጥሶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውስጡ ነጭና እርጥብ ነው። ቅርፊቱ ተልጦ ወደ ግንዱ አቅጣጫ ተተርትሯል። ቀረብ ብዬ ሳየው ሌሎችም አሉ። ጥቂቶቹ እንደዚያው ወፍራም፣ ብዙዎቹ የጣት ውፍረት ያላቸው፣ ቀሪዎቹ ጠጉር የሚያካክሉ። ሥር በስለታም መጋዝ ቢቆረጥ አንድ ነገር ነው። የማሽኑ ባልዲ ግን አይቆርጥም፤ ይዞ ይጎትታል። ጉዳቱ ቦዩ ላይ አያበቃም፤ አፈሩ ውስጥ ወደ ኋላ እየተሰነጠቀ ይሄዳል።

እጄን ሳነሳ ማሽኑን የሚነዳው ልጅ አጥፍቶ ወረደ። ደንግጧል።

"ጋሼ፣ እኔ ማን ነገረኝ? ኖራው በዚህ ተሰመረ፣ በኖራው ቆፈርኩ" አለኝ።

እውነቱን ነው። ኖራውን ያሰመረውም ቢሆን ከፕላኑ ላይ ነው የገለበጠው። ፕላኑን የሣለው ሰው ደግሞ ዛፉን በአንዲት ትንሽ ክብ ነው ያሳየው። ክቧ የግንዱን ውፍረት ታህላለች። ቧንቧው በክቧ ጎን ሳይነካት ያልፋል። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ምንም ነውር የለበትም።

ፎርማኑ መጣና "ምንም አይደል ወንድሜ፣ ሥር መልሶ ያወጣል። ይሄን የሚያህል ዛፍ በዚህ አይሞትም። ቧንቧውን እናስገባና አፈር እንመልስበት" አለ። አይሆንም አልኩት። የተበጠሱት ሥሮች ፀሐይ እንዳያደርቃቸው ጆንያ በውኃ አርሰን ሸፈንናቸው። በዚያ በኩል ያለው ሥራ ቆመ። የዛፍ እንክብካቤ ባለሙያም አስጠራን።

ሰውየው መጀመሪያ ያደረገው ነገር አልረሳውም። ስለ ዛፉ አንድም ቃል ሳይናገር "ወንበሮቹን አንሱ" አለ። ወፍራሞቹ ሥሮች ውኃ ከማመላለስ ሌላ ዛፉን ደግፈው የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። በአንድ ጎን ሲቆረጡ ነፋስ በመጣ ጊዜ ዛፉ ሊወድቅ ይችላል። እስኪጣራ ድረስ ከሥሩ ማንም እንዳይቀመጥ አጠርነው። እኛ ስለ ዛፉ ጤና ስናስብ እሱ ስለ ሰዎቹ አሰበ።

ከዚያ ሜትሩን አወጣ። አብዛኛው ሰው የዛፍ ሥር ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አብዛኛው ሥር ያለው ከላይ ባለው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ አየር ያለው እዚያ ነውና። ወደ ጎን ደግሞ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። እናም ግማሽ ሜትር የጠለቀ ቦይ ለዛፍ ጥልቅ ነው። ጠብቁት የሚባለው ቦታ የሚለካበት ቀላል ዘዴ አሳየን። ከመሬት 1.4 ሜትር ከፍ ብሎ የግንዱን ዙሪያ መለካት ነው። ያንን ለ3.14 ሲያካፍሉት ከዳር እስከ ዳር ያለው ውፍረት ይወጣል። ውፍረቱን በ12 ማባዛት። የእኛ ዛፍ ውፍረት 80 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ስለዚህ ከግንዱ በየአቅጣጫው 9.6 ሜትር ድረስ ማሽን መግባት አልነበረበትም። ሜትሩን ሲዘረጋው ጫፉ ቦዩን አልፎ፣ የኖራውን መስመር አልፎ፣ እነሱ ሲሚንቶና ጠጠር የከመሩበት ቦታ ደረሰ። ሁላችንም ዝም አልን።

የተሰነጠቁትን ሥሮች ጤነኛው ክፍላቸው ጋ እየደረሰ በስለታም መጋዝ አስተካክሎ ቆረጣቸው። ፎርማኑ ለደህና ነገር ብሎ ጥቁር ቀለም አመጣ፤ ቁስሉን ልንቀባው። ባለሙያው አይሆንም ብሎ አስቀመጠው፤ ምክንያቱንም ነገረን። አሌክስ ሺጎ (1930–2006) የሚባል የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ ነበር። ብዙ ሺህ ዛፎችን በመጋዝ ሰንጥቆ ውስጣቸውን መርምሯል። ዛፍ ቁስሉን እንደ ሰው አያሽርም፤ የተጎዳውን ክፍል ከጤነኛው ለይቶ ዙሪያውን ይዘጋበታል። ከላይ የሚቀባ ነገር መበስበስን እንደማይከላከልም ሥራው አሳይቷል። ባለሙያው ቅርንጫፍ በብዛት እንቁረጥለት የሚለውንም ሐሳብ አልተቀበለም። አዲስ ሥር የሚበቅለው ቅጠሉ በሚሠራው ምግብ ነው፤ ሥር የተቆረጠበትን ዛፍ ቅጠሉንም መንሳት ሁለተኛ ጉዳት ነው። የደረቀና አደገኛ የሆነ ብቻ ይነሳል አለ።

በዚያው አጋጣሚ ሌላም ነገር አገኘ። ሠራተኞቹ ለአበባ መደብ ብለው ግንዱን ዙሪያውን በአፈር ከምረውታል። ግንዱ ወደ ሥር ሲለወጥ ሰፋ የሚልበት ቦታ ከመሬት በላይ መታየት አለበት። አፈር ሲለብስ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። አፈሩ ተነሳ። በቦታው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጉዝጓዝ (አፈሩን የሚሸፍን እንደ ደረቅ ቅጠል ያለ ነገር) ተደረገ፤ ግንዱን ሳይነካ።

ከድርጅቱ ጋር የነበረው ንግግር ግን ከባድ ነበር። ሥራ አስኪያጃቸው "ውሉ ላይ የት ጋ ነው ያለው? አሳዩኝ" አለ። ገለበጥነው። የሳሩ ስፋት በካሬ ሜትር አለ። የችግኙ ብዛት አለ። የቧንቧው ርዝመት አለ። የቆመውን ዛፍ የሚመለከት ግን አንድ ዐረፍተ ነገር የለም። ሰውየው ላይ ተናድጄ ነበር፤ ግን መልስ አልነበረኝም። ያንን ዛፍ መጠበቅ በውሉ ውስጥ የማንም ሥራ አልነበረም። የነጂውም፣ የፎርማኑም፣ የፕላን ሠሪውም።

ቧንቧው አቅጣጫ ቀይሮ እንዲዞር ተስማማን። ተጨማሪውን ርዝመት እኛ ከፈልን። የባለሙያውን ክትትልም እኛው። ኮሚቴው ያልተቀበለው የዛፍ ጥበቃ መስመር ከዚህ ሁሉ ድምር ያንስ ነበር።

የሥር ጉዳት ቶሎ አይታይም። ዛፉ እዚያው ወቅት አረንጓዴ ነበር፤ ፎርማኑም "አላልኳችሁም?" ብሎ ሄደ። በቀጣዩ ደረቅ ወቅት በቦዩ በኩል ያሉት ቅርንጫፎች ሳሱ፤ ጫፋቸውም ደረቀ። መንገዱ ላይ ያንዣበበ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ መነሳት ነበረበት። ዛፉ ዛሬም ቆሟል። ግን በየጊዜው እየታየ ነው፤ ወንበሮቹም ከሥሩ ወጥተው ቀርተዋል። ከጥላው ሥር የተተከለው አዲስ ሳርም አልያዘም። ቦታው በጉዝጓዝ ተተካ።

የግቢው የፊት ለፊት ክፍል ተራው ሲደርስ የጨረታ ሰነዱን እንደገና ጻፍነው። ነባር ዛፎች በሙሉ ከነመጠበቂያ ክልላቸው ካርታ ላይ ወጡ። ትንሿ ክብ ቀረች፤ እያንዳንዱ ዛፍ በሥሩ ስፋት ልክ ተሣለ። ጥበቃው ራሱን የቻለ የሥራ ዝርዝር ሆነ፤ ተጫራቾች ሁሉ ዋጋ ይሞሉበታል። አንዱ ጨምሮ ሌላው ትቶት የሚወዳደሩበት ነገር ቀረ። ይሄ በጣም ረድቶናል። መጠንቀቁ ዋጋውን ከፍ አድርጎበት የሚወድቅ ድርጅት አይኖርም።

ተጫራቾችን የምንጠይቀውም ተለወጠ። ድሮ በቅርቡ የጨረሱትን ሥራ እንድናይ ይወስዱን ነበር። አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራል። አሁን ከዓመት ሁለት ዓመት በፊት ያስረከቡትን አሳዩን እንላለን። ችግኙ ይዟል ወይ፣ ሳሩ አለ ወይ፣ የነበሩት ዛፎች ጫፋቸው ደርቋል ወይ፣ እዚያ ይታያል። አንድ ሌላ ጥያቄም አለን። ለጨረታው የሚመጣው ባለሙያ ሥራው ላይ ይኖራል ወይስ ሌላ ቡድን ነው የሚመጣው? ማሽኑ የድርጅቱ ነው ወይስ የኪራይ? የኪራይ ከሆነ ነጂው በዚያው ዕለት ጠዋት የመጣ እንግዳ ሰው ነው።

ስለዚህ ማሽን ከመነሳቱ በፊት ነጂው ራሱ ከእኔ ጋር ግቢውን ይዞራል። አጥሩን በእጁ እየነካ ያያል። የት እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚቆም፣ አፈር የት እንደሚደፋ እንነጋገራለን። መጠየቅ የሚፈልገውን እዚያው ይጠይቃል፤ ከዚያ ፎርማኑና እሱ ይፈርማሉ። ከክፍያውም የተወሰነው ይያዛል። የሚለቀቀው አንድ ደረቅ ወቅት ካለፈ በኋላ፣ ባለሙያው አጥሩ ውስጥ የነበሩትን ዛፎች አንድ በአንድ አይቶ ሲፈርምባቸው ነው።