የኮራል ትምህርቴ 3ኛ ወር፣ ፌሮውና በርሜሉ

ሰላም ናችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው ወር የጠፋሁት የፈተና እርማት ይዞኝ ነው እንጂ ኮራሉን አልተውኩትም። አዲስ ለገባችሁ፣ ኮምቦልቻ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ከአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ልጆች ጋር የተጎዳ የኮራል ሪፍ (ኮራሎች ባሕር ውስጥ የሚገነቡት የድንጋይ ክምር) እንዴት እንደሚያገግም እያጠናን ነው። ባሕር በሌለበት ይሄ ምን አመጣው ለሚለኝ ሰው አንድ ፎቶ ነው የማሳየው፣ ጓደኛዬ ለሥራ በዳሎል በኩል ወርዶ ያነሳው ድንጋይ፣ ላዩ ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ ክብ ነገር አለ፣ እያንዳንዱ ክብ ውስጥ ደግሞ ከመሀል ወደ ዳር የወጡ ቀጫጭን መስመሮች። ኮራል ነው! ከ100 ሺህ ከሚበልጥ ዓመት በፊት የቀይ ባሕር ውሃ ዳናኪል ድረስ ገብቶ ነበርና ሪፉ እዛው ደርቆ ቀርቷል። እያንዳንዷ ክብ አንዲት ትንሽ እንስሳ የኖረችበት ቤት ናት (ኮራል ተክል ሳይሆን እንስሳ መሆኑን ልጆቹን ለማሳመን ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጅቶብኛል)።

የዚህ ወር ጥናታችን ኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ነበር። እዛ በፈንጂ ዓሣ ሲያጠምዱ ሪፉ ተሰባብሮ ኮረት ሆኗል፣ ኮረቱ ደግሞ ማዕበል በመታው ቁጥር ይንከባለላል፣ አዲስ ኮራል ልያዝ ሲል እየፈጨ ይገድለዋል። ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛ ቦረቦር ነው፣ ክትር ሳይሠራለት ችግኝ ብትተክልበት የመጀመሪያው የክረምት ጎርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል አይደል? እዛም መጀመሪያ የሚያረጋጉት መሬቱን ነው። ከፌሮ ባለ ስድስት ጎን ኮከብ ይበየዳል፣ አሸዋ ይለበጣል፣ 15 የኮራል ቁራጭ ይታሰርበታል፣ ከዛ ኮከቦቹ እርስ በርስ ተያይዘው ኮረቱ ላይ እንደ መረብ ይዘረጋሉ። ሥራው ውስጥ የደሴቶቹ ነዋሪዎች ራሳቸው አሉበት፣ እኔ ደግሞ ዋናው እሱ ይመስለኛል ምክንያቱም ፈንጂው ከተመለሰ ኮከቡ ብቻውን ምንም አያደርግም። 2024 ላይ የወጣ ጥናት በ4 ዓመት ውስጥ የሪፉ እድገት ከጤነኛው ጋር እንደተስተካከለ አሳይቷል፣ የተተከለው በብዛት ቅርንጫፋም ዓይነት ስለሆነ ግን ስብጥሩ ገና እንደ ድሮው አይደለም።

አሸዋው ለምን አስፈለገ ብለው ልጆቹ ስለጠየቁ ሞከርነው። ብየዳ ቤት ሄደን ትንሽ ኮከብ አስበየድን፣ ግማሹን ሙጫ ቀብተን አሸዋ ነሰነስንበት፣ ግማሹን ባዶ ተውነው፣ በርሜል ውስጥ በ1 ሊትር ውሃ 35 ግራም ጨው በጥብጠን (የባሕር ውሃ መጠን ነው) ነከርነው። የመጀመሪያው ከሸፈ፣ ፌሮው ላይ የነበረውን ዝገትና ዘይት ሳልጠርግ ስለቀባሁ አሸዋው በ2 ቀን እንደ ቅርፊት ተላጠ። ሁለተኛውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ነከርነው፣ 3 ሳምንት ቆየ። ባዶው በኩል እጅ ሲነካው ብርቱካናማ ዱቄት ይተዋል፣ አሸዋ የያዘው ደህና ነው፣ ግን ብየዳው መጋጠሚያ ላይ ሙጫው ስላልደረሰ ከውስጥ ቀይ መስመር ወጥቷል። ዝገቱን የሚከላከለው ሽፋኑ ነው፣ አሸዋው ደግሞ ገጽታውን ሻካራ ስለሚያደርገው ኮራሉ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ልቤን የከበደኝ የፍሎሪዳው ነው። እዛ ኮራል ቆራርጠው በማሳደግ ብዙ ዓመት ለፍተዋል፣ የተቆረጠ ኮራል ጠርዙ ላይ ቁስሉን ለመሸፈን ስለሚሯሯጥ በጣም ቶሎ ያድጋል፣ የአንድ እናት ቁራጮች ጎን ለጎን ከተተከሉ ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ። 2023 ሐምሌ ላይ ግን ሙቀት መጣ፣ አንድ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ 38.4 ዲግሪ ተለካ፣ ሰው ቢሆን ትኩሳት ይዞታል የሚባልበት ማለት ነው። ሰዎቹ ከባሕር ችግኝ ጣቢያው ኮራሉን እየነቀሉ የብስ ላይ ወዳለ ገንዳ አሸሹ፣ የተተከለው ግን ብዙው ነጥቶ (ኮራል ሙቀት ሲበዛበት ቀለሙን ያጣል) ሞተ። ክፍል ውስጥ ሳነበው አንዷ ተማሪዬ «እና ድጋሚ ተከሉ?» አለችኝ። አዎ፣ ድጋሚ ተከሉ።

የሚቀጥለው ወር መጋጠሚያውን ሁለት ጊዜ ቀብተን ደግመን እንነክራለን። ዝገት የሚከላከል ጥሩ ሙጫ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።