ውሉን ከማፍረስህ በፊት ማስጠንቀቂያ ሰጥተሃል?

«እሱ ቀድሞ አጠፋ፣ እኔም ውሉን አፈረስኩ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማስጠንቀቂያ ሰጥተኸዋል? አብዛኛው ሰው «በስልክ ነግሬው ነበር» ይላል። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል፤ ተበዳይ የነበረው ሰው ሳያስበው እሱ ራሱ ውል አፍራሽ ተብሎ ይከሰሳል።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በደንቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው (ቁጥር 1731)። ስለዚህ በመርህ ደረጃ የሚሰርዘው ፍርድ ቤት ነው። እሱም ቢሆን የተጣሰው የውሉ መሠረታዊ ነገር መሆኑን ሳያይ አይሰርዝም። ለብቻህ መሰረዝ የምትችለው በጥቂት ምክንያቶች ነው፤ ውሉ ራሱ ሲፈቅድልህ፣ በማስጠንቀቂያ የሰጠኸው ጊዜ ሲያልፍ፣ የሌላው ግዴታ ሊፈጸም የማይችል ሲሆን፣ ወይም ሰውዬው አልፈጽምም ብሎ ቁርጡን ሲነግርህ። ቁርጡን ሲነግርህም ቢሆን ቸኩለህ አትሰርዝ፤ ማስጠንቀቂያ ይደርሰውና በ15 ቀን ውስጥ በቂ ዋስትና ካቀረበ ውሉ ይቀጥላል።

በር እንዲሠራልህ ተዋውለህ ቀኑ አለፈ እንበል። ሌላ ባለሙያ ከመጥራትህ በፊት «እስከዚህ ቀን ካላስረከብክ ከዚያ በኋላ አልቀበልም» ብለህ ጻፍለት። የምትሰጠው ጊዜ ግን ምክንያታዊ ይሁን፣ ለወር ሥራ ሁለት ቀን መስጠት ቀልድ ነው። ሕጉ የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። ግን በቃል ያልከውን ነገ በምን ታስረዳለህ?

ያለአግባብ የተሰረዘበት ወገንስ? ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል፣ በሁለቱም ላይ ካሳ አለ። «ያስገድዱልኝ» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም አያስኬድም፤ ፍርድ ቤት በግድ የሚያስፈጽመው ለጠያቂው የተለየ ጥቅም ሲኖረውና የተገዳጁን የግል ነፃነት ሳይነካ ሊፈጸም ሲችል ብቻ ነው (ቁጥር 1776)። ውሉ ሲፈርስ ደግሞ የተቀበሉትን መላለስ አለ፤ ቀብድ በልቶ ዞር ማለት የለም። ካሳው የሚሰላው እንዲህ ያለ ጥፋት በተለምዶ በሚያደርሰው ጉዳት ልክ ነው። ጉዳቱን መቀነስ እየቻልክ እጅህን አጣጥፈህ ከተቀመጥክ ግን ካሳህ ይቀነሳል።

«ዕቃ ተወደደብኝ» የሚለው መከላከያም፣ ውሉ ላይ ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር፣ አያድንም። ቁጥር 1793 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደለም ይላል። ይሄን የማያውቅ ተቋራጭ ስንቱ ነው!

የሥራ ቅጥር ውል በራሱ አዋጅ (1156/2011) ነው የሚመራው፣ ከዚህ ጋር አታምታው። ውልህ ላይ መቀጫ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ ያኛው ወገን ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት እንኳ ሳይጠበቅበት ሊጠይቅህ ይችላል።