የገብርኤል ማግስት ልጅና የጥምቀት ልጅ

ደሴ ላይ የታዳጊዎች የሜዳ ቴኒስ ውድድር ስናሰናዳ ምዝገባውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ልጆቹ ወደፊት ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ እንዳይደናገሩ በማሰብ ምድቡን በዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሥርዓት ለማውጣት ስለተስማማን፣ በ2005 ለተወለዱት ሁሉ 8 ደምሬ በፈረንጆቹ 2013 ብዬ ጻፍሁ።

የስም አጻጻፍ ሊያዩ የመጡ አንዲት እናት ዝርዝሩን ተመልክተው፣ «የእኔው የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ነው የተወለደው፤ ያኛው እኮ የጥምቀት ልጅ ነው» አሉኝ። ታኅሣሥ 20 እና ጥር 11 መሆኑ ነው። በመካከላቸው ያለው 21 ቀን ብቻ ቢሆንም የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በዚያ ዘመን ታኅሣሥ 23 ስለዋለ፣ አንደኛው የ2012፣ ሌላኛው የ2013 ልጅ ሆኑ። የፌዴሬሽኑ የዕድሜ ምድብ የልደት ዓመትን እንጂ ቀኑን ስለማያይ፣ 14 ዓመትና ከዚያ በታች በሚባለው ምድብ የገብርኤሉ ልጅ በፈረንጆቹ 2026 ማብቂያ ሲሰናበት የጥምቀቱ ልጅ አንድ ሙሉ ዓመት ይቀረዋል። እኒያ እናት እውነቱን በመናገራቸው ልጃቸው አንድ ዓመት አጣ፤ ይህንን ሳስረዳቸውም «አብሽር» ብለው እኔኑ አጽናኑኝ።

ከዕድሜው ቀጥሎ ደረጃው ይመጣል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉት የሚዞሩበት ውድድር ከጄ30 ተነሥቶ እስከ ጄ500 የሚወጣ ሲሆን፣ ቁጥሩ የነጠላ አሸናፊው የሚያገኘው ነጥብ ነው። አንጋፎቹም ከ30 ዓመት ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ተከፍለው የሚጋጠሙበት የራሳቸው ዙር አላቸው።

እኛን ይበልጥ ያስቸገረን ግን ኳሱ ነው። ከፈረንጆቹ 2012 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ውድድር የተለመደው ቢጫ ኳስ አይፈቀድም፤ በምትኩ ከቢጫው በ75 በመቶ የሚዘገየው ቀይ፣ በ50 በመቶ የሚዘገየው ብርቱካናማና በ25 በመቶ የሚዘገየው አረንጓዴ አሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,219 ሜትር ለሚበልጥ ቦታ ደግሞ ሕጉ ዝቅ ብሎ የሚነጥር የደጋ ኳስ ያውቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ ግን የቆላ ኳስ ይዘን፣ ልጆቹ በደንብ የመቱት ሁሉ 23.77 ሜትሩን ሜዳ አልፎ አጥር ሲመታ እናያለን።

የዕጣ ድልድሉን ቀድጄ ማታውኑ የልጆቹን የልደት ቀን ልጠይቅ ለቤተሰቦች ስደውል አመሸሁ። አንዲት ሌላ እናት «የእኔው የተወለደው የመውሊድ ሳምንት ነው» አሉኝ፤ የ2005 መውሊድ መቼ እንደዋለ ሳገላብጥ ጥር አጋማሽ ሆኖ አገኘሁት፤ ልጃቸውም ከጥምቀቱ ልጅ ጋር ተመደበ።