ቁልፉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ

ደብረ ማርቆስ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ነኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ቢሮ እገባለሁ፣ የጉዞ ወረቀት እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ቁልፍ እሰጣለሁ። ጥር 2012 ላይ የፈረምኳት አንዲት ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ሾፌሩን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አባይ በረሃን ከሃያ ዓመት በላይ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ እንደማይወረድ ወጣቶቹ የሚማሩት ከእሳቸው ነበር። ጥር እንደምታውቁት ሠርግ በሠርግ ነው። እሳቸውም ማታውን የእህታቸውን ልጅ ሲድሩ አምሽተዋል። ቁልፉን ሊቀበሉ ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ ሲሉ አረቄው ሸተተኝ።

«ጋሼ፣ ጠጥተዋል እንዴ?»

«ማታ ነው እንጂ አሁን ምን ጠጣሁ! ተኝቼ ተነሥቻለሁ፣ ቡናዬንም ጠጥቻለሁ። አይዞሽ እታለም።»

ዓይናቸው ቀልቷል። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ «አይሄዱም» ማለት አፈርኩ። መኪናው ጤፍ ጭኗል፣ አዲስ አበባ ነጋዴው እየጠበቀ ነው። ፈረምኩ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ሉማሜ መግቢያ ላይ አይሱዙው ባጃጅ ከኋላ ገጭቶ ገልብጧል። ስደርስ የባጃጁ ልጅ ሆስፒታል ተወስዷል፤ እግሩ ተሰብሯል። ባጃጁ በጎኑ ተኝቷል። አንድ የፕላስቲክ ጫማ ብቻውን አስፋልቱ መሀል ቀርቷል፣ ሰው ሁሉ እየዞረው ያልፋል እንጂ የሚያነሣው የለም። ጋሼ መንገዱ ዳር ተቀምጠው ከትራፊክ ፖሊሱ ፊት አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማሉ። «ፍሬኑን በጊዜው የያዝኩ መስሎኝ ነበር።»

እኔ ደግሞ የማስበው ከፊታቸው የነበረውን መንገድ ነው። ደጀን ቅርብ ነው። ከደጀን በኋላ በረሃው ነው።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ አለቃ ደወለ። «ረዳቱ መንጃ ፈቃድ አለው፣ አልጠጣም። እሱ ነበር የሚነዳው በሉ።» ረዳቱ አጠገቤ ስለነበር ሰማው። ገና ልጅ ነው፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ለአለቃዬ ምንም አልመለስኩም፤ ዘግቼ ጠበቃ ጋ ደወልኩ። በዚያ ቀን በትክክል የሠራሁት ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው።

ጠበቃው ሲመጣ መጀመሪያ ለእኔና ለረዳቱ የተናገረው «ማንም ያልሆነውን ሆነ እንዳይል» የሚል ነው። ሐሰተኛ ቃል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ አንድ ሰው ከእስር ለማዳን ሦስት ሰው ያስገባል። ለጋሼ ደግሞ መብታቸውን ነገራቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚያ መርማሪውን ጠየቀው። ስካሩ በምን ተለካ? ስንት ሰዓት ላይ? ማን ፈረመበት?

እውነቱን ለመናገር ተናድጄበት ነበር። ልጁ አልጋ ላይ ነው፣ እሱ ስለ ሰዓት ይጠይቃል። በኋላ ሲያስረዳኝ ገባኝ። «አረቄ አረቄ ይሸታል» ጥርጣሬ ነው እንጂ ልኬት አይደለም። ሰው የሚፈረድበት በተረጋገጠበት ነገር ነው፣ ያጠፋ ሰውም ቢሆን። ግን ያንኑ ያህል አጥብቆ «ሰክሬ ስለነበር አላወቅሁም ማለት መከላከያ አይሆንም» አላቸው፤ በራሱ ጥፋት አእምሮውን ያሳተ ሰው ከኃላፊነት አያመልጥም። ልጁ ሞቶ ቢሆን ኖሮ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቃቸው ነበር። ጋሼ ይኼን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

ደማቸው የተወሰደው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው። ውጤቱ በሊትር ደም 0.3 ግራም አልኮል ሆነ። በትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ለሾፌር የተፈቀደው ጣሪያ በሊትር ደም 0.8 ግራም ስለነበር ከልክ በታች ነው። እኔ ደስ አለኝ። «አልሰከሩም ነበር ማለት ነዋ!» ስል ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ ወደ ኋላ ቆጠረልኝ። ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው በሰዓት በሊትር 0.15 ግራም ገደማ ነው። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ውኃም፣ ጥሬ ሥጋም አያፈጥነውም። 4 ሰዓት ላይ 0.3 ከነበረ፣ ቁልፍ ስሰጣቸው በግምት 1.05 ነበር። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መጠጣት አቁመው ቢሆን እንኳ ያኔ ወደ 1.8 ደርሰው ነበር ማለት ነው። የተኙት እንቅልፍ ዓይናቸውን ከፈተው እንጂ ደማቸውን አላጠራውም። «ማታ ነው የጠጣሁት» ያሉኝ እውነታቸውን ነው፤ ግን ማታው ገና አላለቀም ነበር።

ክሱ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ ሆነ። ጋሼ ጥፋታቸውን አመኑ። ሽማግሌ ተላከ፣ ለልጁ ማሳከሚያና ለባጃጁ ካሳ ከፈሉ፣ ፍርድ ቤቱም ይኼን ቅጣት ማቅለያ አድርጎ ያዘላቸው። ከዚያ ወዲህ ግን መሪ አልጨበጡም። ማንም ከልክሏቸው አይደለም።

እኔን ማንም አልከሰሰኝም። ይኼ ነው የሚከብደኝ። ሸትቶኝ ነበር እኮ።

ከዚያ በኋላ አስተዳደሩን በጣም ነዘነዝኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሰክሮ ሥራ ላይ እንዳይገኝ ይከለክላል፤ ቁልፍ መከልከል የእኔ ድፍረት ሳይሆን የድርጅቱ ደንብ ይሁን አልኩ። ተጻፈ። አሁን የጉዞ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «መጨረሻ የጠጡት ስንት ሰዓት ነው? ምን ያህል?» የሚጠራጠር ሾፌር ካለ አሳርፈዋለሁ፣ ደመወዙም አይነካም። ይኼኛው እንዲገባ ነበር ብዙ የተጨቃጨቅነው፤ ደመወዙ የሚቆረጥ ከሆነ ማን እውነቱን ይነግረኛል?

ያ ረዳት አሁን ሾፌር ሆኗል። ባለፈው ጥር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መጣና ቁልፉን ሳይነካ በሩ ላይ ቆመ።

«እታለም፣ ማታ የወንድሜ ሠርግ ነበር። ዛሬ ሌላ ሰው ላኪ።»

ስሙን ሰርዤ የሌላ ሰው ጻፍኩ። እሱም ሊተኛ ወደ ቤቱ ሄደ።