11 ሰከንድ

ዛሬ ከሰው ጋር ማውራት አላሰኘኝም። ከፍቶኝ አይደለም። እንዲያውም ደስ ብሎኛል፤ ግን ዝም አሰኝቶ የሚያስቀምጥ ዓይነት ደስታ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ቀስ እያለ ይመታል። በእጄ የሠራኋት ትንሿ አውሮፕላን ጠረጴዛው ላይ ናት፤ የተጠመዘዘ ላስቲክ ሲፈታ ውልብልቢቷን እያዞረ ነው የሚያበራት። ላስቲኳን አውጥቼ በግሊሰሪን እያሸሁ ነው። ቫዝሊን ላስቲክ ያበላሻል። ግሊሰሪን ግን ያለሰልሰዋል፤ ሲጠመዘዝ እርስ በርሱ ተፋትጎ ቶሎ እንዳይበጠስም ያደርገዋል።

ጠዋት ጃንሜዳ 34 ሰከንድ ቆየች። ሰዓት የያዘችው ታናሿ ልጄ ናት። ገና አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ስለነበር ነፋስ የለም። ጥቂት የሚሮጡ ሰዎችና ለኳስ የሚያሟሙቁ ልጆች ብቻ ነበሩ። ከእጄ ስትወጣ ቀጥ ብላ ወጣች። ከዚያ ወደ ቀኝ እየዞረች፣ እየዞረች… ላስቲኩ አልቆ ውልብልቢቷ ሲቆም እንኳ አልወደቀችም። ቀስ ብላ ተንሳፍፋ ወረደች። ኳስ ተጫዋቾቹ ጨዋታቸውን አቁመው ያዩ ነበር። አንዱ ሮጦ አንስቶ በሁለት እጁ ይዞ አመጣልኝ፤ እንደ ጫጩት።

ባልሳውን እህቴ ናት ያመጣችልኝ። ባልሳ የሚገርም እንጨት ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከኢኳዶር ነው። እጅ ላይ ሲያስቀምጡት የያዙ አይመስልም። ስፒል ይወጋዋል፣ ምላጭ ይቆርጠዋል። ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ አንጥፌ፣ ኮላው እንዳይዘው ፌስታል ቀድጄ ዘረጋሁበት። ቀጫጭኖቹን እንጨቶች መስመሩ ላይ ግራና ቀኝ በስፒል ደግፌ አጣበቅኩ። ክንፉ ብቻ ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ከዚያ ስስ ወረቀት ይለብሳል። መጀመሪያ የተጨማደደ ነው፤ ተስፋ ያስቆርጣል። ውሃ በስሱ ይረጭበትና ይተዋል። ሲደርቅ ይወጠራል። በጣት መታ ሲያደርጉት እንደ ትንሽ ከበሮ ይሰማል። ይህን ድምፅ እወደዋለሁ።

ሜዳ ላይ ያለው ሥራ ግን ከዚህ ይብሳል። መጀመሪያ ላስቲኩን ሳልጠመዝዝ በእጄ ለቀቅኳት። አፍንጫዋን ወደ ላይ አንስታ ቆመችና ወደቀች። አፍንጫዋ ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ ለጠፍኩ። ተስተካከለች። ከዚያ 50 ዙር፣ ከዚያ 100። ዙሩ ሲበዛ ወደ ግራ መገልበጥ አመጣች። ውልብልቢቱ ወደ ቀኝ ሲዞር ገላዋን ወደ ግራ ይገፋዋል። ለዚህ መፍትሔው የውልብልቢቱን ማሰሪያ በጣም ጥቂት ወደ ቀኝና ወደ ታች ማዘንበል ነው። አንዲት ቀጭን ስንጥር ሸጎጥኩ፤ በቃ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየራችን ባህር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉም ውልብልቢቱም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል። እዚህ እያንዳንዷ ግራም ታስታውቃለች።

ላስቲኩም ዝም ብሎ አይጠመዘዝም። ታናሿ አውሮፕላኗን አጥብቃ ትይዛለች። እኔ የላስቲኩን ጫፍ በእጅ መሰርሰሪያ ላይ ባሰርኩት መንጠቆ ይዤ፣ አራት አምስት እጥፍ እስኪረዝም ወደ ኋላ እስበዋለሁ። ከዚያ እየጠመዘዝኩ በቀስታ ወደ እሷ እጠጋለሁ። ባለፈው ወር መጨረሻው ላይ ተበጥሶ የአውሮፕላኗን ሆድ ከውስጥ አፈራረሰው። ታናሿ አለቀሰች። እኔም አላለቀስኩም ማለት አልችልም።

ስለ በረራው ነበር ልጽፍ የተቀመጥኩት። ላስቲኩን እያሸሁ ግን ስለዚያ ፈረንሳዊ ማሰብ ጀመርኩና ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ።

አልፎንስ ፔኖ ይባላል። የባህር ኃይል መኮንን መሆን ይፈልግ ነበር፤ የዳሌ ሕመም አስቀረው። ስለዚህ ትንንሽ የሚበሩ ነገሮችን ይሠራ ጀመር። በተጠመዘዘ ላስቲክ። እንደ ፈረንጆቹ ነሐሴ 18 ቀን 1871፣ ፓሪስ ቱይልሪ በሚባለው የአትክልት ቦታ፣ ሰዎች ቆመው እያዩት አንዷን ለቀቃት። 11 ሰከንድ በረረች። 40 ሜትር ያህል ሄደች። ዕድሜው 21 ነበር። በማግስቱ፣ ነሐሴ 19፣ በኋላ ከወንድሙ ከዊልበር ጋር በሞተር የሚበር አውሮፕላን ሠርቶ የሚያበረው ኦርቪል ራይት አሜሪካ ውስጥ ተወለደ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1878፣ የኦርቪል አባት አንድ ማታ እጃቸው ውስጥ የሆነ ነገር ደብቀው ቤት ገቡ። ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያዩ ወደ ላይ ወረወሩት። መሬት ይወድቃል ሲሉ ጣሪያ ድረስ በረረ። ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ፣ በላስቲክ የሚዞር መጫወቻ ነው። ፔኖ ከሠራው የተቀዳ ነው። ዊልበር 11፣ ኦርቪል 7 ዓመታቸው ነበር። እስኪሰበር ተጫወቱበት፤ ከዚያ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። በ1903 ኦርቪል መጀመሪያ ሲነሳ አየር ላይ የቆየው 12 ሰከንድ ነው። የሄደው 37 ሜትር ያህል ነው። ቱይልሪ ካለችው ትንሿ አውሮፕላን አንድ ሰከንድ ብቻ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ከዚህ በፊትም አውቀው ነበር። ዛሬ ማታ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ያ መጫወቻ ጣሪያ ሲነካ ፔኖ በሕይወት ነበር። ሰው የሚጭን ትልቅ አውሮፕላን ነድፎ፣ ገንዘብ የሚሰጠው አጥቶ፣ ተስፋ እየቆረጠ ነበር። በ1880 በ30 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ባህር ማዶ ሁለት ልጆች የእሱን ነገር እየሰበሩና እየጠገኑ ሲጫወቱ፣ እሱ አላወቀም። ማን ይነግረዋል? እነሱም ልጆች ናቸው። እሱን አያውቁትም።

እኔ ግን የማውቃቸው ሰው አሉ።

ሰፈር ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። አናጺ ነበሩ። አስር ዓመቴ ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው ላይ ቆሜ አይ ነበር። አንድ ቀን «ነይ እስቲ፤ ቆሞ ማየት ምን ያደርጋል» አሉኝ። ምላጭ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ጣትሽን ከፊቱ አታድርጊ» እያሉ። ከዋንዛ ፍልጥ ውልብልቢት ጠርበው፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቀጭን ላስቲክ ቆርጠው፣ በሸምበቆ ላይ አሰሩልኝ። ክንፏ ካርቶን ነበር። ውልብልቢቱ ሲለቀቅ ፊት ላይ ነፋሱ ይሰማል። አውሮፕላኗ ግን አልተነሳችም። ሳምንቱን ሙሉ ሞከርን። መጨረሻ ላይ በመዳፋቸው መዘኗትና «ሞተሯ ደህና ነው። ክብደቷ ነው እንጂ። ቀለል ያለ እንጨት ስታገኚ ትነሳለች» አሉኝ።

ያኔ ሊያጽናኑኝ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ትክክል ነበሩ። ያን ዓረፍተ ነገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዤው ስዞር ኖሬያለሁ፤ ለእሳቸው ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ሥራዬን ሳገኝ አልነገርኳቸውም። እህቴ ባልሳውን ስታመጣም አልነገርኳቸውም።

ሰፈራችን ፈርሷል። እሳቸውም ከልጃቸው ጋር ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ለቅሶ ቤት ልጃቸውን አግኝቻት ስልክ ሰጥታኛለች። «ጆሮው ከብዷል፤ ሰው ሲጠይቀው ግን ደስ ይለዋል» ብላኛለች። አልደወልኩም። ሰፈሩ ቢኖር እድሩ ስለ ደህንነታቸውም ስለ ክፉውም ይነግረኝ ነበር። አሁን የሚነግረኝ የለም። ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ አለ፤ አሁን እያየሁት ነው።

34 ሰከንድ ቆየች ብላቸው ይገባቸው ይሆን? ያቺን የሸምበቆ አውሮፕላን ያስታውሷት ይሆን? ወይስ ልጆቼን ይዤ፣ አውሮፕላኗንም ይዤ ልሂድ? ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይስሙ ነበር፤ ከሰዓት ደግሞ ጋደም ሳይሉ አይቀሩም። ነገ ስንት ሰዓት ላይ ልደውል?