ቁጥሩ ልክ ሆኖ አፕዴቱ እምቢ ሲል፡ ፐርሚሽን ላይ የተማርኩት

ሰላም ወገን፣ የሊኑክስ ሰርቨር መማር ከጀመርኩ ስምንተኛ ወሬ ነው፣ የተማርኩበትን ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ድረገጽ እኔ ነኝ የምይዘው፣ ዎርድፕረስ (የድረገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ነው፣ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ላይ ነው የተጫነው። ባለፈው የደረሰብኝን ልጻፍላችሁ ምክንያቱም ሁለት ቀን በልቶብኛል።

ከዳሽቦርዱ አፕዴት ስለው አንዳንድ ፋይሎችን መቅዳት አልተቻለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ፐርሚሽኑ ወጥ ስላልሆነ ነው አለኝና ከስሩ የፋይል ስም ደረደረ። ያኔ ፐርሚሽን (ፋይሉን ማን ማንበብ፣ መጻፍ ወይም ማስኬድ ይችላል የሚለው ፈቃድ) ሲባል ለኔ ቁጥር ብቻ ነበር። 4 ማንበብ፣ 2 መጻፍ፣ 1 ማስኬድ፣ እነሱ እየተደመሩ ሦስት አሃዝ ይሆናሉ፣ መጀመሪያ የባለቤቱ ቀጥሎ የግሩፑ መጨረሻ የሌላው ሰው ሁሉ፣ ፎልደር 755 ፋይል 644፣ ይቺን በደንብ ሸምድጃታለሁ። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ በዚህ ሰዓት ማንም አይገባም ብዬ፣ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ችሞድ (ፐርሚሽን መቀየሪያው ትእዛዝ) 644 ብዬ ከነውስጡ ሁሉም ላይ ለቀቅኩት።

ድረገጹ በሙሉ 403 (መግባት ተከልክሏል) ሆነ። ፎቶ የለ፣ መግቢያ ገጽ የለ፣ ዳሽቦርዱም አይከፈትም። እዚህ ማታ ቢሆንም አሜሪካ ያሉት አባሎቻችን ጋ ገና ቀን ነውና ስልኬ መጮህ ጀመረ። የሆነው ምን መሰላችሁ፣ ፎልደር ላይ ያቺ 1 ማስኬድ ማለት ሳትሆን በሩን አልፎ መግባት ማለት ናት፣ 644 ስለው ከፎልደሮቹ ሁሉ አነሳኋት፣ ከዛ በኋላ ውስጥ ያለው ፋይል ምንም ቢፈቀድለት ሰርቨሩ እሱ ጋ መድረስ አይችልም። ያወጣኝ ፋይንድ የሚባለው መፈለጊያ ትእዛዝ ነው፣ ፎልደር ብቻ እየፈለገ 755፣ ከዛ ፋይል ብቻ እየፈለገ 644። ችሞድ ላይ በትልቁ ኤክስ የሚሠራበት መንገድም አለ፣ ለፎልደር ብቻ ነው የሚሰጠው (ድሮውንም ማስኬድ የተፈቀደለት ፋይል ካለም ለሱ)፣ ግን ለጀማሪ ፋይንዱ የሚሠራው በግልጽ ይታያል።

ድረገጹ ተመለሰ፣ አፕዴቱ ግን ያው እምቢ! ያንኑ ዝርዝር ነው መልሶ የሚያወጣልኝ። ቁጥሩ ልክ ነው እኮ እያልኩ አድሬ ጠዋት አንዲት ሥራ ላይ የማውቃት ልጅ ጋ በቴሌግራም ጻፍኩላት፣ የመለሰችልኝ አንድ መስመር ነው፣ «ቁጥሩን ተወውና ባለቤቱ ማነው?»

ኤልኤስ ዳሽ ኤል (ፋይሎቹን ከነፐርሚሽናቸውና ከነባለቤታቸው የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ላይ ያሉትን አር ደብልዩ ምናምን ሁልጊዜ አያቸዋለሁ፣ ሦስተኛውን ዓምድ ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አብዛኛው ፋይል ላይ ሦስቱ ደብልዩ ዳታ የሚባለው የዌብ ሰርቨሩ ዩዘር አለ፣ ያስቸገሩት ፋይሎች ላይ ግን ሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ) ይላል። እዚህ ጋ ነው የገባኝ፣ 644 ላይ ያቺ 6 የባለቤቱ ናት፣ ባለቤቱ ሩት ከሆነ በሦስቱ ደብልዩ ዳታ ስም የሚሠራው ፒኤችፒ (ዎርድፕረስን የሚያስኬደው) «ሌላ ሰው» ነው፣ የሚደርሰው መጨረሻ ያለችው 4 ናት፣ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ቁጥሩ ልክ ሆኖ አፕዴቱ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ሩት እዛ እንዴት ገባ? እኔው ነኝ ያስገባሁት። የባለፈውን አፕዴት በደብልዩፒ ሲኤልአይ (ዎርድፕረስን በጽሑፍ ትእዛዝ ማዘዣ) ነው የሠራሁት፣ በሩት ሲሆን ያስጠነቅቅና ይቆማል፣ እኔ ደግሞ ሩትን ፍቀድ የሚለውን ጨምሬ አለፍኩት። ድሮ የነበሩት ፋይሎች ላይ ሲገለብጥ ባለቤታቸው እንዳለ ይቀራል፣ አዲስ የመጡት ግን ሩት ሆነው ተፈጠሩ፣ ለዛ ነው አንዳንዱ ብቻ የሚያስቸግረው። አሁን ሲኤልአዩን ስጠቀም በሱዶ ሦስቱ ደብልዩ ዳታን ሆኜ ነው የማስኬደው፣ ሩትን ፍቀድ የሚለውን ትቼዋለሁ።

777 አድርገው የሚሉ ቪዲዮዎች በጣም ያሳስቡኛል። አዎ አፕዴቱ ያልፋል፣ ግን ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ዩዘር ወይም ፕሮግራም ፋይላችሁን መለወጥ ይችላል ማለት ነው። አንዳንድ ሼርድ ሆስቲንግ (ብዙ ሰው የሚጋራው ሰርቨር) ላይ ደግሞ ፒኤችፒው በራሳችሁ አካውንት ስም ስለሚሠራ 755 እና 644 ይበቃል፣ 777 ካደረጋችሁት እንደውም 500 ኤረር ሊያመጣ ይችላል።

ሌላ ያመለጠኝ ነገር ነበር፣ ችሞዱንም ፋይንዱንም በጅምላ ሳስኬድ ደብልዩፒ ኮንፊግ የሚባለው የዎርድፕረስ ማስተካከያ ፋይል 640 የነበረው 644 ሆኖ ቀረ፣ የዳታቤዝ ፓስወርዱ ያለው እኮ እሱ ውስጥ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ነው ያየሁት፣ ወዲያው መለስኩት። ድሩፓል (ሌላ የድረገጽ መሥሪያ) የምትሠሩ ደግሞ ሳይትስ ዲፎልት የሚለውን ፎልደር እዩት፣ ድሩፓል ራሱ መጻፍ ይዘጋበታል፣ ኮምፖዘር (ድሩፓልን አፕዴት የምታደርጉበት መሣሪያ) እዛ ላይ ሲቆምባችሁ ለጊዜው ከፍታችሁ ስትጨርሱ መዝጋት ነው።

አሁን ባክአፕ ከወሰድኩ በኋላ መጀመሪያ የማደርገው ፋይንድን የሩት የሆነ ነገር ካለ አሳየኝ ማለት ነው። ያን ቀን የፋይሎቹ ዝርዝር ስክሪኑን ሞልቶት ነበር፣ ቻውን በሚባለው ትእዛዝ ባለቤታቸውን ወደ ሦስቱ ደብልዩ ዳታ ቀይሬ ድጋሚ ስጠይቀው ባዶ መለሰልኝ፣ ዳሽቦርዱ ላይ አፕዴት ስለው አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላው ጨረሰ።